የድራይሱት የአንገትና የእጅ ጎማ ሲበላሽ፦ ሐይቅ ላይ ለሚጠልቁ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሎ ውስጥ ድራይሱት፣ ማለትም ውሃ የማያስገባውን የጠላቂ ልብስ፣ ለብሶ ውሃ የሚገባ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከደሴ አቅራቢያ ባለው፣ ስሙም ሐይቅ በሆነው ሐይቅ ላይ ነው። አንዱ ለጥናት የውሃ ናሙና ሊያወጣ፣ አንዱ የተጠላለፈ መረብ ሊፈታ፣ ሌላው ዝም ብሎ ታቹን ሊያይ። ልብሱ ከውጭ ይመጣል። ሲበላሽ ግን መልሶ የሚልከው የለም፤ እዚሁ ይጠገናል። ልብሶቹ እኔ ጋ ስለሚቀመጡ ጥያቄውም እኔ ጋ ይመጣል። ተደጋግሞ የሚመጣውን ከነመልሱ አስቀምጬዋለሁ።

ጎማው ምንድን ነው የሚሠራው? ከዌትሱት በምን ይለያል?

ዌትሱት ውሃ ያስገባል፤ የገባችውን ስስ ውሃ ሰውነት ያሞቃታል። ድራይሱት ጨርሶ አያስገባም። ውስጡ አየር ነው፣ ከሥሩ ሹራብና ወፍራም ሱሪ ይለበሳል። ውሃውን የሚከለክሉት ዚፑ፣ ሁለቱ የእጅ አንጓ ጎማዎችና የአንገት ጎማው ናቸው። ደረት ላይ አየር ማስገቢያ ቫልቭ አለ፣ ግራ ክንድ ላይ ደግሞ ማስወጫ። ከሁሉም ቶሎ የሚያልቀው ጎማው ነው። ቀጭን ነው፣ በተለበሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ የቆዳ ላብና ቅባት አይለየውም።

ሐይቅ እኮ እንደ አውሮፓ ባሕር አይቀዘቅዝም፤ ትንሽ ውሃ ቢገባስ?

ሙቀት የሚባለው ባቲ ወርዳችሁ ነው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለው። ጠዋት ዳሩ ላይ የቆመ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ሹራቡ አንዴ ከራሰ ድራይሱቱ ከባድ ካፖርት ሆነ ማለት ነው። ጣት ሲደነዝዝ ቫልቭ መጫን ያቅታል፣ መረብ ውስጥ ቢላዋ መያዝ ያቅታል።

ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። ወሎ ውስጥ የታወቀ በሽታ ነው። ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም። ቀንድ አውጣው የሚኖረው ሣር ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። እኛ ደግሞ የምንገባውም የምንወጣውም በዚያው ነው። አንጓው ላይ የምታንጠባጥብ ጎማ ዳር ላይ ቆሞ ዕቃ ሲስተካከልም ታስገባለች። ሥራችሁ ሐይቅ ላይ ሆኖ ልብሳችሁ ካስገባ በሚቀጥለው የጤና ምርመራ ላይ ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት።

ልብሱ ውሃ ከሞላ ወደ ታች ይጎትተኛል የሚል ፍርሃት አለ። ውሃ ውስጥ ውሃ አይከብድም። የሚጠፋው ያንሳፍፋችሁ የነበረው አየር ነው፤ ስለዚህ የደረት ማንሳፈፊያው ጃኬት ሁልጊዜ የሚሠራ መሆን አለበት። ክብደቱ የሚመጣው ስትወጡ ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ጀልባ ላይ ዘሎ ለመውጣት አትታገሉ፤ ዳር ላይ ቀስ ብላችሁ አንዠቅዥቁት።

የእኔ ጎማ ላቴክስ ይሁን ሲሊኮን በምን አውቃለሁ?

ላቴክስ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው፣ አያብረቀርቅም፣ የጎማ ሽታ አለው፣ እጅጌው ላይ በማጣበቂያ ተጣብቋል። ሲሊኮን ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም ባለቀለም ይሆናል፣ ሲነኩት ልስልስ ነው፣ ብዙ ጊዜ የተያዘው በጠንካራ የፕላስቲክ ቀለበት ነው። ኒዮፕሪን ወፍራም ስፖንጅ ነው፣ አንዱ ገጹ ጨርቅ የለበሰ። ሳታውቁ ማጣበቂያ አትክፈቱ። የሦስቱ ጥገና ለየቅል ነው።

ምን ያህሉ ጉዳት ይጠገናል? መቼ ነው ተስፋ የምቆርጠው?

ጎማውን በሁለት አውራ ጣት ለጠጥ አድርጉና ወደ መስኮት አዙሩት። ጤነኛ ላቴክስ ሲለጠጥ ገጹ አንድ ዓይነት ሆኖ ይሳሳል። ያረጀው ላይ ግን በጣም ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ። ጣታችሁን ስትለቁ ይጠፋሉ፣ ስትለጥጡት ይመለሳሉ። እነዚያን ካያችሁ ማጣበቂያ አታባክኑ። ጎማው አብቅቶለታል። ዛሬ አንዱን ስንጥቅ ብትደፍኑ ነገ ጎረቤቱ ይከፈታል። ሌላው ምልክት መጣበቅ ነው። ጣት ላይ የሚይዝና አሻራ ተጭኖበት የሚቀር ጎማ በቅባት ወይ በእርጅና ተበልቷል፤ ፓውደር ብትነሰንሱበት ለአንድ ቀን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ጤነኛ ጎማ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ ግን ትደፈናለች። አንጓው ላይ ከሆነችና ከጠርዙ ራቅ ካለች ዙሪያዋን በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ አኳሲልን የመሰለ ሲደርቅ የሚለጠጥ የዩሬቴን ማጣበቂያ በስሱ ከሁለቱም በኩል ቀቡ። አንድ ሌሊት ይደር። ይህ እስከ ቀጣዩ ቅያሪ ማቆያ ነው።

ጠርዝ ላይ ያለች ጭረት በጣም አታላይ ናት። ሚሊ ሜትር የማትሞላ ትሆናለች፣ ግን ጎማ የሚቀደደው ከጠርዝ ነው። እጅ ሲገባ ከዚያች ነጥብ ተነስቶ እስከ እጅጌው ድረስ ይተረተራል። ጎማው አሁንም ጠበቅ የሚል ከሆነ ዙሪያውን አንድ ስስ ቀለበት ቆርጣችሁ ጭረቷን አብራችሁ አስወግዷት። ቀድሞውኑ የላላ ከሆነ ቀይሩት።

አንገት ላይ ግን ልጥፍም ድፍንም አልወድም። አንጓ ቢቀደድ እጅ ይርሳል። አንገት ቢቀደድ ልብሱ በአንድ ጊዜ ይሞላል።

ጎሚስታ ጋ ወስጄ ላስለጥፈው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይኸኛው ነው። ጥያቄውም የሚሳቅበት አይደለም፤ ከመነዳሪም ጎማ ነው፣ ላቴክስም ጎማ ነው። እንዲያውም ገላው በሙሉ ከወፍራም ጎማ የተሠራ ድራይሱት አለ፤ የዚያ ዓይነቱ ሆድ ወይም እግር ላይ ሲቀደድ የሚለጠፈው ከጎሚስታ ሥራ በማይርቅ መንገድ ነው።

ችግሩ አንጓና አንገቱ ላይ ነው። እዚያ ያለው ጎማ ከልጥፉ ይሳሳል። እጅ ሲገባ ጎማው ይለጠጣል፣ ልጥፉ ግን እንዳለ ይቀራል። ውጥረቱ ሁሉ የልጥፉ ጠርዝ ላይ ይሄድና እዚያው ይከፈታል፤ ያውም ከመጀመሪያው በሰፋ ቀዳዳ። በእሳት የሚለጥፍ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስነኩት። ያ ሙቀት ለከመነዳሪ የተሠራ ነው፤ ስሱን ላቴክስ ያቃጥለዋል። ጎሚስታው «አብሽር፣ ይይዛል» ይላችኋል። መሬት ላይ ይይዛል።

ሌላ አማራጭ ጠፍቶ፣ አንጓ ላይ፣ ጥልቀት ለሌለው አጭር ሥራ ከሆነ የብስክሌት ስስ ልጥፍ ይሞከር። ማዕዘኖቹን አክብቧቸው። ሹል ማዕዘን ካለው ከዚያ ነው መላጥ የሚጀምረው።

ማስቲሽ ይሆናል? ሱፐር ግሉስ? የመስኮት ሲሊኮንስ? በቤንዚን ላጽዳው?

ማስቲሽ፦ በከፊል። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ብዙው ማስቲሽ ድራይሱት ላይ ከሚቀባው ማጣበቂያ ጋር ዘመዳም ነው። ሁለቱም ወገን ይቀባል፣ ይጠበቃል፣ ይገጠማል። ኒዮፕሪንን ደህና አድርጎ ይይዛል። ላቴክስ ላይ ግን እንደ ቆርቆሮው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሲደርቅ ይጠነክርና ሲታጠፍ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ከአሮጌው ጎማ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። አድርቁት፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት እየለጠጣችሁ ላጡት። ጎማው ተቀድዶ ማጣበቂያው ከያዘ ጥሩ ነው። ማጣበቂያው ከለቀቀ ለጫማችሁ አስቀምጡት።

ሱፐር ግሉ፦ አይሆንም። ደርቆ ድንጋይ ይሆናል።

የመስኮት ሲሊኮን፦ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ላቴክስ ላይ በቅጡ አይዝም። ተልጦ ሲወጣም በዓይን የማይታይ ስስ ነገር ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ማጣበቂያም እዚያ ቦታ ላይ አልይዝ ይላል። የአሉሚኒየም ሠራተኛ ወዳጃችሁን አመስግናችሁ ሸኙት።

ቤንዚን፦ ዘይትነት አለው፣ ላቴክስን ያሳብጠዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ሽቶና ቅባት ስላለበት ይቅር። ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው አልኮል ይበቃል።

የእጅ አንጓ ጎማ ራሴ መቀየር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እጅ የሚለምደውም በእሱ ነው። ግን ቀኑን ምረጡ። ደሴ ላይ ጉሙ ወርዶ የጦሳ ተራራ ሳይታይ በሚውልበት የክረምት ቀን አትጀምሩ። ማጣበቂያው ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥበቱ እላዩ ላይ ይጤዝበታል፣ ነጣ ያለ ጉም የመሰለ ነገር ይታይበታል። በዚያ ላይ ከገጠማችሁ ሳምንት ሳይቆይ ይላጣል። ግድ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ አሙቁትና ንጣቱ ሲጠፋ ቀጥሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሙቀቱ ሥራውን ያቀላል።

መስኮት ክፈቱ። የማጣበቂያው ሽታ ራስ ያዞራል፣ እሳትም ቶሎ ይይዛል። ቡናው ከነከሰሉ ሌላ ክፍል ይፈላ።

የአንድ ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉት። ከእጅጌው ውስጥ አስገብታችሁ ጫፉ ድረስ ግፉት። ጠርሙሱ ከቀጠነ እጅጌው ያለ አንዲት እጥፋት ወጠር እስኪል ድረስ በጨርቅ ጠቅልሉት። እጥፋት ካለች ነገ ውሃ የሚገባው በእሷ ነው። አሮጌው ጎማ የት ድረስ እንደነበረ በእስክሪብቶ አስምሩ። ከእጅጌው ውጭ ነበር የተጣበቀው ወይስ ከውስጥ? አዲሱም እንደዚያው ይሁን።

አሮጌውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁና ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ በዝግታ አግድም ላጡት። የልብሱ ሽፋን አብሮ መነሳት ከጀመረ አቁሙ። ያን ጊዜ የሚሻለው አሮጌውን ጎማ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ትቶ መቁረጥና አዲሱን በእሱ ላይ ማጣበቅ ነው። የተረፈው ቁራጭ ጤነኛ መሆን አለበት፤ የሞተ ጎማ ላይ አዲስ አይሠራም።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። ደቃቁን ተጠቀሙ። የሚጣበቀው ገጽ ሁሉ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በስሱ ሻክር ይበል፤ የልብሱም፣ የአዲሱ ጎማም። በአልኮል ጥረጉና ይድረቅ። ከዚህ በኋላ በጣት መንካት ክልክል ነው። የጣት ቅባት ሥራውን ሁሉ ያበላሸዋል። ከመስመሩ በላይ ያለውን እጅጌ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ማጣበቂያው እንዳይዝረከረክ።

የአዲሱን ጎማ ሰፊ አፍ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ገልብጡት። ሁለቱንም ወገን በስሱ ቀቡ። የመጀመሪያው ሽፋን ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ጨርቁ ይጠጣዋል፣ ብቻውን አይዝም። ሁለተኛውን ደግማችሁ ቀቡና ጠብቁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ዕቃው ላይ ተጽፏል፤ በእኛ ብርድ ግን ከተጻፈው ይዘገያል። አቦሉን ጠጥታችሁ ኑና በጣታችሁ ጀርባ ዳር ላይ ነካ አድርጉት። ከያዘ ግን ከቆዳችሁ ጋር ክር ሆኖ ካልተከተለ ደርሷል። ከተከተለ ቶናው ድረስ ይቆይ።

አሁን መገጣጠም ነው። የዚህ ዓይነቱ ማጣበቂያ አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ ማስተካከያ ዕድል የለም። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጎማውን ዙሪያውን ወጥሮ ይይዛል፣ ሌላው መስመሩን እያየ ያስቀምጣል። ከዚያ የተገለበጠውን ጠርዝ ትንሽ በትንሽ እየመለሳችሁ አልብሱት። በማንኪያ ጀርባ ከመሀል ወደ ጠርዝ አጥብቃችሁ አሹት፤ አየር የታሸገበት ቦታ ሁሉ የወደፊት ቀዳዳ ነው። ሲያልቅ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ማሰሪያ ዙሪያውን ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከመነዳሪው በመጨረሻ ጥቅም አገኘ።

ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ደሴ ላይ እኔ ሁለት ቀን እተወዋለሁ። «ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ» ለሚለኝ መልሴ ነገ ጠዋት ሥራ የለህም ነው።

አዲሱ ጎማ በጣም ይጠብባል። ልቁረጠው?

አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከእጃችሁ ትንሽ ወፈር ያለ ጠርሙስ ከትታችሁበት ይደር። አንገት ከሆነ ድስት ወይም ትንሽ ባልዲ። ላቴክስ ትንሽ ይለቃል። የተቆረጠ ግን አይመለስም።

አሁንም ከጠበበ በረጅምና ስለታም መቀስ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለበት ብቻ ቁረጡ። ብዙ ጎማ ላይ መስመሩ ታትሟል። መቀሱን እየከፈቱ እየዘጉ አይደለም፤ ግማሽ ከፍታችሁ ወደፊት እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት። መቀሱ በቆመበት ሁሉ ጥርስ የመሰለች ጭረት ትቀራለች፣ ጭረት ደግሞ ምን እንደምታመጣ ከላይ አይተናል።

አንገት ላይ አንድ ነገር በቀልድ አይታለፍ። በአንገት ግራና ቀኝ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ፤ እዚያው ላይ የደም ግፊትን ለአንጎል የሚያሳውቅ ነርቭ አለ። ጎማው ከልክ በላይ ከጨመቀው ልብ ምቷን ትቀንሳለች። ሰውየው ራሱን ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ሊወድቅም ይችላል። ውሃ ውስጥ መውደቅ ደግሞ መሬት ላይ እንደ መውደቅ አይደለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ልበሱትና ቁጭ በሉ፣ አንገታችሁን ግራና ቀኝ አዙሩ፣ አውሩ። ፊት ከቀላ ወይም ራስ ከከበደ ወዲያው አውልቁና አንድ ቀለበት ቁረጡ። «ይለምደኛል» የሚባል ነገር የለም።

የአንገት ጎማስ ራሴ ብቀይረውስ?

አሠራሩ ያው ነው፣ ስፋቱ ነው የሚያስቸግረው። ውስጡ የሚገባው ጠርሙስ ሳይሆን ክብ ድስት ወይም በልክ የተቆረጠ ጣውላ ነው። ሦስት ሰው ቢኖር ደስ ይላል። እጃችሁ አንጓ ላይ ካልተፈታ በአንገት አትጀምሩ።

ሲሊኮን ሲቀደድ?

ቀይሩት። ሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በስተቀር የሚይዝ ነገር የለም፣ አንዴ ጭረት ካገኘ ደግሞ እስከ ጫፉ ይሄዳል። ደግነቱ ማጣበቂያ አይፈልግም። ቀለበቱ ይከፈታል፣ አዲሱ ይገባል፣ ይዘጋል። ዳር ላይ ሆኖ እንኳ ይቀየራል። ላቴክስ ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎችም እሱን ይምረጡ። እኔን ብትጠይቁኝ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በሚጠበቅበት አገር ባለቀለበቱ ልብስ ውድም ቢሆን ያዋጣል፤ አንድ ትርፍ ጥንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል።

ኒዮፕሪንስ?

ታጋሽ ነው። ስንጥቁን ከፈት አድርጋችሁ ሁለቱን ከንፈሮች በኒዮፕሪን ማጣበቂያ ሁለት ጊዜ ቀቡ፣ ሲደርስ ግጠሟቸው፣ ልስልስ በሆነው ገጽ በኩል ስስ ዩሬቴን ደርቡበት። የላላ ኒዮፕሪን ግን በጥገና አይጠብም።

ጎማው አዲስ ነው፣ ግን አሁንም ያስገባል። ለምን?

ጎማውን ትታችሁ ራሳችሁን እዩ። ማተብ ያሰረ ሰው ክሩ በጎማውና በቆዳው መሀል ካለፈ ውሃው ክሩን ይዞ ይገባል፤ በጣም ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት። መበጠስ አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ ከጎማው በታች፣ ሹራቡ ውስጥ ይግባ። ጺም ያለው ሰው ጺሙ ከጎማው በላይ ይቅር። ሹራብ ወይም የሸሚዝ ኮሌታም እንዲሁ፤ ጎማው የሚተኛው ባዶ ቆዳ ላይ ብቻ ነው።

አንጓ ላይ ደግሞ ጅማት አለ። እጃችሁን ጨብጡና ከመዳፋችሁ በታች ተመልከቱ። ሁለት ገመድ የመሰሉ ጅማቶች ብድግ ይላሉ፣ በመሀላቸው ቦይ ይፈጠራል። መረብ በኃይል ስትጎትቱ ውሃው በዚያ ቦይ ነው የሚገባው። ጎማውን ከአንጓው ትንሽ ወደ ክንድ ከፍ አድርጉት፤ እዚያ ቆዳው ሜዳ ነው። ሰዓትና አምባር ይውለቅ።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑ ልብሱን ፈትሹ። ሁለቱን እጆች በጠርሙስ፣ አንገቱን በኳስ ዝጉ፣ ዚፑን ዝጉ፣ ማስወጫ ቫልቩን አጥብቁ፣ አየር ሙሉበት። የሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ በሚነሳበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የአንጓ ጎማ ጥፋተኛ ተብሎ የተቀየረ፣ ችግሩ ግን ዚፕ ጫፍ ላይ የሆነ ልብስ ብዙ ነው።

ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ብለብሰው ችግር አለው?

አለው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ የፀሐይ ክሬም፣ ሁሉም ላቴክስን ይበላሉ። አንገቱ በራስ በኩል ሲያልፍ ቅቤውን ጠርጎ ነው የሚወርደው። ከሁለት ቀን በፊት ታጥባችሁ ግቡ፣ ወይም ራሳችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ አሳልፉና ፌስታሉን ወዲያው አውጡ። ፌስታሉ ለእጅም ጥሩ ነው፤ ጥፍር ጎማውን እንዳይወጋ ያደርጋል፣ ያንሸራትታልም። ፓውደር ከፈለጋችሁ ሽቶ የሌለው ታልክ ይሁን። ከተጠቀማችሁ በኋላ ጎማውን በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡት። የሐይቅ ውሃ ጨው የለውም ብሎ መተው አያዋጣም፤ ጎማውን የሚበላው የራሳችሁ ላብ ነው።

የት ላስቀምጠው?

ጥላ ውስጥ፣ ሰፊ ማንጠልጠያ ላይ፣ ጎማው ሳይታጠፍ። ጣሪያ ላይ ወይ ገመድ ላይ ፀሐይ አታስመቱት፤ በእኛ ከፍታ ፀሐዩ ብርድ ውስጥም ያቃጥላል።

ብዙዎች የማያስቡት ኦዞንን ነው። ጄኔሬተር፣ ዲናሞ፣ ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ያለበት ሁሉ ኦዞን ያወጣል፣ ኦዞን ደግሞ ላቴክስን ይሰነጣጥቃል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ዕቃ ማስቀመጫውና የጄኔሬተሩ ክፍል አንድ ይሆናሉ። ለዩዋቸው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ታልክ ነስንሳችሁ ጎማዎቹን በፌስታል ሸፍኑ።

የነሐስ ጥርስ ያለው ዚፕ ላይ ከውጭ በኩል ሻማ ወይም የማር ሰም አሹበት። የፕላስቲኩ ዚፕ ሰም አይወድም፤ አብሮት የሚመጣውን ቅባት ጫፉ ላይ ብቻ።

ጠግኜ ጨርሻለሁ። ቀጥታ ሥራ ልግባ?

አይሆንም። ዳር ላይ፣ ቁመታችሁ ባለበት፣ ሰው እያያችሁ ተንበርከኩና ግማሽ ሰዓት ቆዩ። እጃችሁን ጨብጡ፣ አንገታችሁን አዙሩ። ወጥታችሁ ሹራቡን ዳብሱት። በገዳሙ በኩል ያለው ዳርቻ ለዚህ ቢመችም እስጢፋኖስ የጸሎት ቦታ ነው፤ ሳታስፈቅዱ ጎማ ለብሳችሁ አትልፉ። የሐይቁ ታች ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያልተፈተነ ጥገና የሚፈተነው እዚያ አይደለም።

ከጎማ ትንሽ ልውጣ። ብዙው የመጥለቅ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው፤ ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ እንደ ከፍታ ይቆጠራል። ሐይቅ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የመጥለቂያ ኮምፒውተራችሁን ለከፍታ አስተካክሉት። ደግሞ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በዚያች መንገድ 600 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ። ከጠለቃችሁ በኋላ ሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሊሠራ ስለሚችል ዳገቱን አይወደውም። ዕቃ ጭናችሁ ወዲያው ደሴ ለምሳ ከመሮጥ ዓሣውን እዚያው ሐይቅ ከተማ ብሉ፤ አስተማሪያችሁ ለከፍታ ጉዞ የሰጣችሁን የቆይታ ሰዓትም ሙሉት።

አዲስ ጎማ ሳዝዝ ምን ልጻፍ?

የልብሱን ስምና ሞዴል፣ ጎማው የሚጣበቅ ነው ወይስ ባለቀለበት፣ ላቴክስ ነው ወይስ ሲሊኮን። የእጃችሁን አንጓ ዙሪያና የአንገታችሁን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ የእጅጌውን ጫፍ ዙሪያም ለኩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው፣ ጎማው ሲመጣም አፉ አይገጥምም። የአሮጌውን ፎቶ ከነመለኪያው አብራችሁ ላኩ። ከውጭ ለሚመጣ ሰው የምታስይዙ ከሆነ ሁለት ጥንድ አንጓና አንድ አንገት አስመጡ፣ ማጣበቂያውን ግን አውሮፕላን ላይ እንዲይዝላችሁ አትጠይቁ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻንጣ ሲፈተሽ ይቀራል። ጎማው በሙቀት እንዳይጎዳ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ታርማበር ላይ ቢበርድም ሸዋ ሮቢትና ከሚሴ ላይ ፀሐዩ አይምርም።